ስኳሩንና እንቁላሉን አትነጣጥዪ

ልጄ፣ የመመረቂያ ጥናትሽ በነፍሳት ሆርሞን ላይ እንዲሆን መመደቡንና አንቺም በዚህ ማዘንሽን እናትሽ ነግራኛለች። ሕክምና ተመኝተሽ ባዮሎጂ እንደደረሰሽ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። አሁን ደግሞ አያትሽ ከስኳር ሕመም ጋር እየታገሉ አንቺ የትንኝ ስኳር ልትለኪ መሆኑ ከብዶሻል። ሐዘንሽን አላቃልለውም። ነገር ግን ርዕስ ይቀየርልኝ የሚለውን ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት ይህን ደብዳቤ እስከ ፍጻሜው አንብቢልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ ለፈተና ሸምድዶ የሚያልፈው፣ እኔ ግን ደጋግሜ የምመለስበት ርዕስ ቢኖር ይኸው ያንቺው ነው።

የምመክርሽ አንድ ነገር ነው። በመማሪያ መጻሕፍታችን ስኳር በአንድ ምዕራፍ፣ መራባት በሌላ ምዕራፍ ተቀምጠዋል። አንዱን በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ሌላውን በሁለተኛው ትማሪያለሽ፤ መምህራኑም ይለያያሉ። በነፍሳት ገላ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ድንበር የለም። «በቂ ምግብ አለ ወይ?» እና «እንቁላል ይሠራ ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ፤ መልሱን ይዘው የሚዞሩትም በአብዛኛው እነዚያው ሆርሞኖች ናቸው። ይህን ከያዝሽ ጥናትሽ ይቀናል። ከለቀቅሽው ግን የሆርሞን ስም ስትሸመድጂ ዓመቱ ያልቅብሻል።

ከደሙ እንጀምር። የነፍሳት ደም ሄሞሊምፍ ይባላል። እንደኛ ደም በደም ሥር ተከልሎ አይጓዝም፤ ከጀርባ በኩል ያለች ቱቦ መሰል ልብ ትገፋዋለች፣ እሱም በሰውነት ክፍተት ውስጥ ፈስሶ ጡንቻውንና አንጀቱን በቀጥታ ያርሳል። ዋናው ስኳሩም ግሉኮስ ሳይሆን ትሬሃሎስ ነው፤ ሁለት የግሉኮስ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ስኳር። ይህን ዋያትና ካልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 ባሳተሙት ጥናት አስረዱ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ጤነኛ ሰው ጠዋት ሳይበላ ሲለካ የሚጠበቀው ቁጥር በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ግሉኮስ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በብዙ ነፍሳት ደም ውስጥ ያለው ትሬሃሎስ የዚህን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ሰው ይህን ያህል ግሉኮስ በደሙ ቢይዝ በድንገተኛ ክፍል ነው የሚገኘው። አንበጣው ግን በዚሁ ደም ይዘላል፣ ይበርራል፣ ይወልዳል። ለምን? ግሉኮስ አንደኛው ጫፉ ክፍት ስለሆነ በፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል፤ የሦስት ወር የስኳር ምርመራ የምንለውም በቀይ የደም ሕዋስ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ የቀረውን ግሉኮስ መለካት ነው። ትሬሃሎስ ላይ ሁለቱ ግሉኮሶች የተያያዙት በዚያው በሚጣበቀው ጫፋቸው ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ በብዛት ቢኖርም እንደ ግሉኮስ አይጣበቅም። ጡንቻው ሲፈልገው ትሬሃሌስ የተባለው ኢንዛይም ለሁለት ይከፍለዋል፣ ግሉኮሱም ይነድዳል። አያትሽን የሚጎዳው የስኳር ባሕርይ ምን እንደሆነ በትንኟ ደም ሳይቀር ይታያል ማለቴ ነው። ይህን ብቻ ይዘሽ ወደ ቤት ብትሄጂ እንኳ ርዕሱ ከንቱ አልነበረም።

ትሬሃሎሱ የሚሠራው የስብ አካል በሚባለው ሕብረ ሕዋስ ነው። ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ተበትኖ የተቀመጠ ነው፤ ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚታይሽ እሱ ነው፤ ብዙ ተማሪ እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ይጥለዋል። አንቺ እንዳትጥዪው። የእኛ ጉበትና ስብ የሚሠሩትን በአንድነት ይሠራል። የቤቱ ጎተራ እሱ ነው፤ ለመንገድ ስንቅም፣ ለዘርም የሚወጣው ከዚያው ነው። ስኳር በግላይኮጅን መልክ፣ ቅባትም በውስጡ ይከማቻሉ። የእንቁላል አስኳል የሚሆነው ቫይቴሎጄኒን የተባለው ፕሮቲንም በዋነኛነት የሚሠራው እዚሁ ነው። እንግዲህ ከላይ ያልኩሽ ነገር ከሥጋው አቀማመጥ ይጀምራል ማለት ነው። ስኳር አስተዳዳሪውና አስኳል አምራቹ አንድ አካል ናቸው፤ ለአንዱ የሰጠውን ለሌላው መስጠት አይችልም።

ጎተራውን የሚያዘው ማነው? ከአንጎል ኋላ ኮርፖራ ካርዲያካ የሚባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። በ1961 ስቲል የተባለው ተመራማሪ የእነዚህን ዕጢዎች ጭማቂ በአሜሪካ በረሮ ውስጥ ሲወጋ የደሙ ትሬሃሎስ ከፍ አለ። እኛ ሰዎች ስንራብ ከቆሽታችን ግሉካጎን ወጥቶ ጉበታችንን ስኳር ልቀቅ እንደሚለው ሁሉ፣ ከዕጢው የሚወጣው ሆርሞን የስብ አካልን ስኳር ልቀቅ ይለዋል።

የዚህ ሆርሞን ነገር ጎልቶ የሚታየው በአንበጣ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ አገር ሩቅ ነገር አይደለምና። በ2019 እና በ2020 የበረሃ አንበጣ አገራችንን ሲወርር አንቺም አድገሽ ነበር፤ ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ሲከላከል በቴሌቪዥን አይተሻል። መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ሁለት ግራም የሚመዝን ፍጥረት ይህን የሚችለው በምን ስንቅ ነው? አንበጣው ሲነሣ መጀመሪያ የሚያቃጥለው በደሙ ያለውን ትሬሃሎስ ነው። ግን በስኳር ብቻ ሩቅ አይኬድም። በረራው ወደ ግማሽ ሰዓት ሲጠጋ አብዛኛው ነዳጅ ቅባት ይሆናል። ይህን ዝውውር የሚያዘው ከኮርፖራ ካርዲያካ የሚወጣው አዲፖካይኔቲክ ሆርሞን ነው። በ1976 ስቶን፣ ሞርዱና ባልደረቦቻቸው አወቃቀሩን ሲፈቱት አሥር አሚኖ አሲዶች ብቻ ሆነው ተገኙ። አንበጣው እንደተነሣ ይህ ሆርሞን ወደ ደም ይገባል፤ የስብ አካሉ ቅባቱን ይፈታል፤ ሊፖፎሪን የተባለ ተሸካሚ ፕሮቲንም ቅባቱን ወደ ክንፍ ጡንቻ ያደርሰዋል፤ አራግፎም ለሌላ ጭነት ይመለሳል።

አሁን እንቁላሉን አምጪው። ይኸው የበረራ ሆርሞን የስብ አካሉን ፕሮቲን ከመሥራት ያግደዋል፤ አስኳል የሚሆነውን ቫይቴሎጄኒንም ጭምር። ይህ በአንበጣ ታይቷል። ክሪኬት በተባለው ፌንጣ መሰል ነፍሳት ላይም ሆርሞኑ ተደጋግሞ ሲወጋ እንስቶቹ የሚያከማቹት ስንቅም የሚጥሉት እንቁላልም ቀንሷል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የሚበርር አካል ለጊዜው አይወልድም። ወረራውን ያዩ ሰዎች አንበጣው መጀመሪያ ሮዝ፣ ኋላ ቢጫ እንደነበረ ይነግሩሻል። ሮዙ ገና ያልጎለመሰው ነው፤ ሩቅ የሚበርረውና እህሉን የሚያጭደው በተለይ እሱ ነው። ቢጫው ለመራባት የደረሰው ነው። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ከአንጎል ኋላ ያሉት ሌሎቹ ዕጢዎች፣ ኮርፖራ አላታ፣ ጁቨናይል ሆርሞን ማፍሰስ ጀምረዋል፤ እንስቷም አስኳል መሥራት ይዛለች። ስለ አንበጣ ወረራ ብዙ ተጽፏል፤ ይህን በስኳርና በእንቁላል መካከል ያለውን ትግል ግን በአማርኛ የጻፈልን ሰው ጥቂት ነው። አንቺ ብትጽፊው ደስ ይለኛል።

ስኳር ከፍ የሚያደርግ ካለ ዝቅ የሚያደርግስ? በ1984 የጃፓን ሳይንቲስቶች ከሐር ትል የእሳት ራት ጭንቅላት ያወጡት ሆርሞን በአሚኖ አሲድ አደራደሩ ከሰው ኢንሱሊን ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። ቦምቢክሲን አሉት። ቆይቶም ይህ ሆርሞን በሐር ትል እጭ ውስጥ ሲወጋ የደሙን ትሬሃሎስ እንደሚቀንስ ታየ። አስቢው፤ ሐር ትል ቆሽት የለውም፣ ኢንሱሊን መሰሉን የሚያፈስሰው ከአንጎሉ ነው፤ ሥራው ግን ያው ነው። የፍራፍሬ ዝንብ፣ ድሮሶፊላ፣ ደግሞ እንዲህ ያሉ ስምንት ኢንሱሊን መሰል ፕሮቲኖች አሏት። በ2002 ሩሊፍሰን፣ ኪምና ነሲ በዝንቧ አንጎል ውስጥ እነዚህን የሚያመርቱትን ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት ለይተው አጠፉ። እጮቹ ዘግይተው አደጉ፣ ትናንሾች ሆኑ፣ በደማቸው ያለው ስኳርም ከፍ አለ። በ2004 ደግሞ ኪምና ሩሊፍሰን በኮርፖራ ካርዲያካ ሕዋሳት ላይ ሲሠሩ፣ አያትሽ የሚወስዱት ግሊቤንክላሚድ ከሚመደብበት የመድኃኒት ወገን የሆነው ቶልቡታማይድ እነዚህን የዝንብ ሕዋሳት እንደሚነካ አሳዩ። በሰው ቆሽት ሕዋስ ላይ ያለው የፖታሲየም በር ዓይነት በዝንቧ ዕጢም ላይ አለና። አስተውዪ ግን፤ በሰው መድኃኒቱ ኢንሱሊን ያስወጣና ስኳሩን ያወርዳል፤ በዝንቧ የነካው ስኳር ከፍ የሚያደርገውን ዕጢ ስለሆነ ስኳሩን ከፍ አደረገው። «ዝንብ ትንሽ ሰው ናት» ለሚሉሽ ይህ በቂ መልስ ነው፤ «ዝንብ ከሰው ጋር ምን አገናኛት» ለሚሉሽም እንዲሁ።

ኢንሱሊኑ እንቁላል ውስጥ እጁ እንዳለ የታየውም በዚያው ዝንብ ነው። በ2001 የታተሙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት የኢንሱሊን ተቀባያቸው የተጎዳ ዝንቦች ትናንሽ ናቸው፣ እንስቶቹ መካን ናቸው፣ ዕድሜያቸው ግን ከጤነኞቹ ይረዝማል። እርሾ የጠገበች እንስት ብዙ እንቁላል ስትጥል እርሾ የተከለከለችው ጥቂት ብቻ ትጥላለች፤ ምክንያቱም በእንቁላል ዕጢዋ ውስጥ ያሉት ግንደ ሕዋሳት የሚከፈሉበትን ፍጥነት የሚወስነው የኢንሱሊኑ ምልክት ነው። ምግቡ በቀጥታ እንቁላል አይሆንም፤ በመጀመሪያ በሆርሞን ይነገራል፣ ከዚያ ነው የሚፈቀደው።

እስካሁን ያልኩሽን በአንድ አካል ውስጥ ሰብስባ የምታሳይሽ ግን ያቺ የናቅሻት ትንኝ ናት።

ኤዴስ ኢጂፕታይን ውሰጂ። የደንጌ ትኩሳትን የምታዛምተው ናት፤ በ2013 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፣ ሰዉ በበርሜል የሚያጠራቅመው ውኃም መራቢያዋ ነው። ወንዱ ደም አይመጥም። እንስቷም ብትሆን የዕለት ጉልበቷን የምታገኘው ከአበባ ማር ነው፤ ደሙን የምትፈልገው ለእንቁላል ነው። ከፑፓዋ እንደወጣች ኮርፖራ አላታ ጁቨናይል ሆርሞን ያፈስሳሉ፤ ይህም የስብ አካሏንና የእንቁላል ዕጢዋን ያዘጋጃል። ከዚያ ሁሉም ነገር ቆሞ ይጠብቃል። ደም እስካልገኘ ድረስ እንቁላሉ ወደፊት አይሄድም።

ደም ስትጠግብ አንጎሏ ሁለት ዓይነት ሆርሞን ይለቃል፤ አንዱ የእንቁላል ዕጢን ኤክዳይሶን እንዲሠራ የሚያዝ፣ ሌላው ኢንሱሊን መሰል። ኤክዳይሶን በእጭነት ቆዳ የሚያስገፍፈው ሆርሞን ነው፤ በጎልማሳዋ ትንኝ ደግሞ ለሌላ ሥራ ይጠራል። የእንቁላል ዕጢው ያፈልቀዋል፣ የስብ አካሉ ወደሚሠራው መልኩ ይለውጠዋል፣ በዚያውም ቫይቴሎጄኒን በብዛት ማምረት ይጀምራል። ምርቱ ደሙን ከጠጣች አንድ ቀን ገደማ ሲሆናት ይጦፋል። አስኳሉ በሄሞሊምፍ ተጉዞ ወደ እንቁላሎቹ ይገባል፤ በሦስት ቀን ገደማ ከመቶ ያላነሱ እንቁላሎች ሊደርሱ ይችላሉ። ትንኟ ደም እንደጠጣች ወዲያው አንገቷ ቢቆረጥ፣ ገላዋ በሕይወት ቢቆይም እንቁላሉ አያድግም፤ አንጎሉ መልእክቱን አላስተላለፈማ።

በ2008 ብራውንና ባልደረቦቹ ያሳተሙትን ጥናት ከሁሉም አስቀድመሽ እንድታነቢ እለምንሻለሁ። ከኤዴስ ኢንሱሊን መሰሎች አንዱን፣ በሦስተኛነት የተቆጠረውን፣ በቤተ ሙከራ ሠርተው አንገቷ በተቆረጠ ትንኝ ውስጥ ወጉት። የእንቁላል ዕጢው ኤክዳይሶን ሠራ፤ እንቁላሎቹም አስኳል ወሰዱ። ያው ሆርሞን ደግሞ በገላዋ ውስጥ የስኳርና የቅባት ክምችትን ከፍ አደረገ። የትንኟን የኢንሱሊን ተቀባይ ሲያጠፉባት ሥራው ተቋረጠ። አንድ ሆርሞን፣ አንድ ተቀባይ፤ በአንድ በኩል ስኳር፣ በሌላ በኩል እንቁላል። እኔ በስንት ክፍለ ጊዜ ለማስረዳት የምደክምበትን ይህ አንድ ሙከራ ይጨርሰዋል።

የወባዋ ትንኝ አኖፊለስ ጋምቢዬ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። ወንዱ ሲገናኛት ከዘሩ ጋር ኤክዳይሶኑን በሚሠራው መልኩ ያስተላልፍላታል፤ ይህም የእንቁላል ምርቷን ያበረታታል፣ ሌላ ወንድ መቀበሏንም ያስቀራል። በኤዴስ ያየሽውን በአኖፊለስ ላይ ሳትፈትኚ እንዳትጽፊ ይህን አስታውሺ።

ንብም ሌላዋ አስጠንቃቂ ናት። በብዙ ነፍሳት ጁቨናይል ሆርሞን ሲጨምር አስኳሉም ይጨምራል። በሠራተኛ ንብ ግን ሁለቱ ይገፋፋሉ። በቀፎ ውስጥ ሆና እጮችን የምትመግበው ወጣቷ ንብ ቫይቴሎጄኒኗ ብዙ፣ ጁቨናይል ሆርሞኗ ጥቂት ነው፤ ሆርሞኑ ሲወጣ ፕሮቲኑ ይወርድና ወደ ውጭ አበባ ፍለጋ ትሰማራለች። አስኳል ሊሆን የነበረው ፕሮቲን በማትወልደዋ ሠራተኛ ገላ ውስጥ የአውራዋን ልጆች መመገቢያ ሆኗል። «ነፍሳት እንዲህ ናቸው» ከማለትሽ በፊት የትኛዋ ነፍሳት፣ በየትኛው ዕድሜዋ ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ስለ አሠራሩ ልንገርሽ፤ ተማሪ በዚህ ላይ ነው የሚሰንፈው። የሆርሞን ሳይንስ ሁለት እግር አለው፤ ማንሣትና መመለስ። ዕጢውን ስታነሺ የሚቀር ነገር አለ? መልሰሽ ስትሰጪ ይመለሳል? ሁለቱም ካልሆኑ አላረጋገጥሽም። በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የውሻ ቆሽት አውጥተው ስኳር በሽታ አዩ፤ በ1921 ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ የቆሽት ጭማቂ መልሰው ስኳሩን አወረዱ። በነፍሳትም መንገዱ ይኸው ነው። ፖላንዳዊው ስቴፋን ኮፔች በ1917 እና በ1922 ባሳተማቸው ጽሑፎች የእሳት ራት እጮችን በክር ወገባቸውን እያሰረ፣ አንጎላቸውን እያወጣ፣ ወደ ፑፓ የሚለውጣቸው ነገር ከአንጎል ወጥቶ በደም የሚሄድ መሆኑን አሳየ። የነርቭ ሕዋስ ሆርሞን ሊያመነጭ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ከትል ተነሣ፤ በጊዜው ብዙ የሰማው የለም። ኮፔችን ናዚዎች በ1941 በጥይት ገደሉት። እንግሊዛዊው ዊግልስዎርዝ በ1930ዎቹ ሮድኒየስ የተባለውን ደም መጣጭ ትኋን መሰል ነፍሳት አንገቱን እየቆረጠ ለወራት በሕይወት አቆይቶ አጠና፤ ኮርፖራ አላታ ከሌለ እንስቷ እንቁላል እንደማታደርስም በ1936 አሳወቀ።

ከዊግልስዎርዝ ዘንድ ከተማሩት አንዱ ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ ነው። እሱ በ1966 ባሳተማቸው ጽሑፎች ከወንድ የበረሃ አንበጣ ኮርፖራ አላታን ሲያወጣ አንበጣው ስብ አካማችቶ እንቅስቃሴው እንደሚቀንስ አሳየ። የመራባት ዕጢ ብለን የምንጠራው የስንቅም ዕጢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ኦዲያምቦ በ1970 ናይሮቢ ላይ ኢሲፔ የተባለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ ዛሬም አለ፤ ከአገራችንም ጋር በንብና በሐር ሥራ ተባብሯል። ስሙን ያነሣሁልሽ በነፍሳት ሆርሞን ተነሥቶ ለአህጉሩ ተቋም ያቆመ ሰው ከጎረቤት እንዳለን እንድታውቂ ነው።

በቤተ ሙከራሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ መዝግቢ። የነፍሳት ተመራማሪውን የካሬል ስላማን ታሪክ ለዚህ አስተምረዋለሁ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከፕራግ ወደ ሃርቫርድ ሲሄድ ለዓመታት ያረባትን ቀይ የመሬት ነፍሳት ይዞ ሄደ። አሜሪካ ላይ ግን አንዷም አልጎለመሰችም፤ መጎልመስ በሚገባቸው ጊዜ ግዙፍ ጨቅላ ሆነው እየቀሩ ሞቱ። እሱና የሃርቫርዱ ካሮል ዊልያምስ አየሩን፣ ውኃውን፣ ምግቡን አጣሩ። ጥፋተኛው በዕቃው ውስጥ የተነጠፈው የወረቀት ፎጣ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱ የተሠራበት የባልሳም ጥድ ጁቨናይል ሆርሞን የሚመስል ንጥረ ነገር ነበረበት፤ በጎልማሳዋ እንቁላል የሚያስጀምረው ይህ ሆርሞን በጨቅላነት ግን መጎልመስን ያግዳልና። ከኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የተቀደደ ወረቀት ነፍሳቷን ያጨነግፋት ነበር፤ ከለንደኑ ታይምስ የተቀደደው ግን ምንም አላደረጋትም፤ የአውሮፓ ወረቀት ከዚያ ዛፍ አይሠራምና። ስለዚህ የምታነጥፊውን ወረቀት፣ የስኳር ውኃውን መጠን፣ መብራቱ የበራበትን ሰዓት፣ ነፍሳቷ የበላችበትንና ደሟን የቀዳሽበትን ደቂቃ ሁሉ ጻፊ። ሆርሞን በጣም በጥቂቱ ይሠራል፤ ቡተናንትና ካርልሰን በ1954 ከ500 ኪሎ የሐር ትል ፑፓ ያገኙት ንጹሕ ኤክዳይሶን 25 ሚሊግራም ነበር።

ጥቅሙን ለሚጠይቁሽ ደግሞ መልስ አለሽ። ጁቨናይል ሆርሞንን የሚመስለው ፒሪፕሮክሲፌን የትንኝ እጭ ወደ ጎልማሳነት እንዳይደርስ በውኃ ማጠራቀሚያ ይጨመራል፤ ዛሬ ደግሞ ፒሪትሮይድ ከተባለው ፀረ ተባይ ጋር በአጎበር ክር ላይ ይደረጋል፤ አጎበሩን ነክታ የተረፈች ትንኝ እንቁላሏ እንዲመክን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የአጎበር መመሪያው ላይ ይህን ዓይነቱንም በቅድመ ሁኔታ አካቶታል። ግን ጥናትሽን ስትጽፊ ወባን አጠፋለሁ፣ የስኳር መድኃኒት አገኛለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። የነፍሳትን ሆርሞን የሚያናጋ ነገር ንብንና የሐር ትልንም ሊያናጋ ይችላል፤ ይህንንም በግልጽ ጻፊ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። አንዲት ነፍሳት ምረጪ፤ የምትችዪያት፣ ልታረቢያት የምትችዪያት ትሁን። ትንኝ ከከበደሽ የፍራፍሬ ዝንብ አለች፤ ሙዝና እርሾ ይበቃታል። በሁለት ቡድን ክፈያቸው፤ ለአንዱ ስኳር ብቻ፣ ለሌላው ስኳርና እርሾ ስጪ። ከዚያ በየእንስቷ ሁለት ነገር ለኪ፤ የደሟን ስኳርና በዕጢዋ ያሉትን የደረሱ እንቁላሎች። ስኳሩን በአንድ ሠንጠረዥ፣ እንቁላሉን በሌላ እንዳታደርጊ። በአንድ መስመር፣ ጎን ለጎን ጻፊያቸው። አማካሪሽ ለጊዜ ሲል አንዱን ተዪው ቢልሽ በአክብሮት ተከራከሪ፤ ጥናትሽ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ማመልከቻውን አታስገቢ፤ አማካሪሽን ነገ አነጋግሪ፤ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሲሞላም ላኪልኝ።